ለቀበሮው ሲሉ ውሻውን

ሮቤ ላይ ዲግሪውን የያዘ ወጣት ሁሉ ኤንጂኦ መግባት ይመኛል። ምኞቱ ሲፈታ ነጭ ላንድክሩዘር፣ ውሎ አበል፣ ላፕቶፕና አዳማ ላይ የሚሰጥ ሥልጠና ሆኖ ይገኛል። አልፈርድበትም። እኔም በባሌ ደጋ ከአንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላው ስዘዋወር ዕድሜዬን ከፊሉን የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ አበሉንም በልቼዋለሁ። ግን በዓለም አቀፍ ድርጅት መሥራት ምን እንደሚመስል የሚጠይቀኝ ሲገኝ፣ የማስተዋውቀው ብዙ ሰው የማይቆጥረውን አንድ መሥሪያ ቤት ነው፦ የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራምን።

ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፕሮግራሙ የተቋቋመው በ1995 ነው። መሥራቹ ክላውዲዮ ሲሌሮ የሚባል አርጀንቲናዊ ተመራማሪ ነው። ፕሮግራሙ ጥናቱን ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ሥራውን ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ይሠራል። መቀመጫው ሮቤ፣ መስኩ ዌብ ሸለቆና ሳነቴ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ይህን ማንም መጽሐፍ ይነግራችኋል።

መጽሐፍ በደንብ የማይነግራችሁ ስለ ውሻው ነው።

ሰው ሁሉ የሚለው ይታወቃል፦ «ፈረንጅ ከሰው ቀበሮ ይወዳል፤ ሕፃን ሳይከተብ ለቀበሮ መርፌ ይዞ ይመጣል።» ይህን ጎባ ሻይ ቤት ውስጥ ከተማረ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም ያናድደኛል። ምክንያቱም የዚያ መሥሪያ ቤት ትልቁ የዘወትር ሥራ የገበሬውንና የከብት አርቢውን ውሻ መከተብ ነው። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ይከተባሉ። ውሻው ከእብድ ውሻ በሽታ ሲድን ልጁም፣ ላሟም፣ ቀበሮውም ይድናሉ። ከአራቱ ማንን ለመጥቀም ታስቦ ተጀመረ ብሎ መከራከር ሥራ መፍታት ነው።

ለምን ውሻ? ባሌ ውስጥ ከብት ወቅት ጠብቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጎዳንቱ ይሉታል። ውሻውም ከብቱን ተከትሎ ይወጣል። ሌሊት ከብቱን ከጅብ ይጠብቃል፤ ቀን ግን የሚቀልበው የለም፣ የሚያስረውም የለም፤ ያገኘውን ሲለቃቅም ይውላል። በዚህ መሐል ከቀበሮ ጋር ይገናኛል። በ1991 እና 1992 ዌብ ሸለቆ ውስጥ የውሻ እብደት ገብቶ ከሚታወቁት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ገደማ ጨረሰ። በ2003 እንደገና መጣ፤ በ2008 ደገመ፤ በ2014 ሠለሰ። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ስለሚኖርና ጠዋትና ማታ አፍ ለአፍ ስለሚሳሳም፣ አንዱ ከታመመ መንጋው በሙሉ ሊያልቅ ይችላል።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። የጤና ባለሙያዎች እብደት በውሾች መካከል እንዳይዛመት ከ100 ውሻ 70 ያህሉ መከተብ አለበት ይላሉ። ደግ፤ ዘንድሮ 70ውን ከተብን እንበል። የባሌ ውሻ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ነብር ይበላዋል፣ መኪና ይገጨዋል፣ በሽታ ይጥለዋል፤ በቦታው ቡችላ ይተካል። በዓመት ሩቡ ቢሞትና በምትኩ ያልተከተበ ቡችላ ቢመጣ፣ ከርሞ ከ100ው የተከተቡት 52 ገደማ ብቻ ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ዓመት ዝም ካላችሁ 40ም አይሞሉም። በሦስተኛው ዓመት እንግዲህ ምንም እንዳልሠራችሁ ቁጠሩት።

አብዛኛው ፕሮጀክት ደግሞ ዕድሜው ሦስት ዓመት ነው! ቤዝላይን ይሠራል፣ ይመረቃል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ከዚያ «ፌዝ አውት» አደረገ ይባላል። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር ቀለማቸው የለቀቀ የፕሮጀክት ሰሌዳዎች አሉ፤ ሰሌዳው ከሥራው በላይ ዕድሜ አግኝቷል። የስንዴም፣ የውሃም ሥራ እንዲህ ሲቀር ያሳዝናል፤ የውሻ ክትባት እንዲህ ሲቀር ግን ባዶ ይሆናል። ይህን ሥራ በየዓመቱ ተመልሶ የማይመጣ ድርጅት ባይጀምረው ይሻለዋል።

ከክትባት ቡድኑ ጋር በእንግድነት ወጥቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው የሙቀት መጠን መቀመጥ አለበት። ቆላ ላይ ጭንቁ ሙቀት ነው። ሳነቴ ላይ ግን ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ነውና ሌሊት ውሃ ይረጋል፤ የረጋ ክትባት ደግሞ ይበላሻል። ስለዚህ ክትባት ሰጪው ሳጥኑን በራሱ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እሱ በጋቢ ብቻ ሲተኛ አየሁ። ጠዋት መጀመሪያ ያየው ቴርሞሜትሩን ነው፤ እሳት እንኳ የሞቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ደጅ ደረስን። ሽማግሌው ውሻ የሚባል አላስነካም አሉ፤ የተከተበ ውሻ ይሰንፋል፣ ጅብ ሲመጣ ይተኛል ብለው። ክትባት ሰጪው ልጅ አልተከራከረም።

«ኦቦ፣ አሁን ከጅረቱ እስከ ደጃፍዎ ያባረረን ጥቁሩ ውሻ እኮ አምና የከተብነው ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። ቡችላውንም ጆሮውን ይዘው ራሳቸው አመጡት። በየትኛውም ሥልጠና «ማኅበረሰብን ማሳመን» የሚል ርዕስ ታገኛላችሁ፤ ያን መልስ ግን አምና እዚያው ደጅ ያልነበረ ሰው ሊመልሰው አይችልም።

ለቀበሮው ራሱ የሚሰጥ ክትባት የለም ወይ? አለ። በ2003ቱ ወረርሽኝ ቀበሮዎችን በወጥመድ እየያዙ ከተቡ፤ ሸለቆዎቹን የሚያገናኙት መተላለፊያዎች ላይ ያሉትን ብቻ መከተብ በሽታውን ሊገታ እንደሚችልም ታየ። ይህ ውጤት በ2006 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታትሟል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ በፍየል ሥጋ ውስጥ ትንሽ የክትባት ከረጢት ተሸጉጣ በሌሊት ትጣልለታለች፤ ሲነክሳት ፈንድታ አፉን ታረጥበዋለች። ብልሃቱ ደስ ይላል፤ ጋዜጠኛም ይህን ይወዳል። ሆኖም በሽታው ከውሻ እንደሚመጣ አትርሱ፤ ፍየል ሥጋው የውሻውን መርፌ አያስቀርም።

ወቀሳዬ ለከተሜው ነው። ሮቤና ጎባ ላይ ግቢያቸውን በውሻ የሚያስጠብቁ ሰዎች ማታ በር ከፍተው ይለቁታል፤ የክትባት ቀን ሲነገር ግን «የኔ ውሻ ጤነኛ ነው» ይላሉ። ጤነኛ ስለሆነ ነው የሚከተበው። የተነከሰ ሰው ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የባህል መድኃኒት ልሞክር፣ ነገ እሄዳለሁ የሚባልበት በሽታ አይደለም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በጎባ መንገድ ሳነቴን የምታቋርጡ ሾፌሮችም ፍጥነት ቀንሱ፤ ቀበሮው መንገዱን ከእናንተ በፊት ያውቀዋል።

የዚህ ሥራ አስቸጋሪው ነገር ብርዱ አይደለም፤ ሪፖርቱ ነው። የተከተበ ውሻ ይቆጠራል፣ የተሰጠ ሥልጠናም ይቆጠራል። ያልተነሳ ወረርሽኝ ግን ፎቶ አይነሳም፤ «ምን ተገኘ?» ለሚል ለጋሽ የሚያሳዩት የለም። ሥራው ሲሳካ ምንም ነገር አይፈጠርም፤ ምንም ነገር ባልተፈጠረበት ቦታ ደግሞ ገንዘብ መለመን ከባድ ነው። በዚህ ሁኔታ ከ1995 ጀምሮ መቆየት ለእኔ ከላንድክሩዘሩ ብዛት ይበልጥብኛል።

ስለዚህ ሲቪህን ይዘህ ሮቤ ላይ ከቢሮ ቢሮ የምትዞር ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፦ በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «የምትጠይቁት አለ?» ይሏችኋል። ስለ ደመወዙ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ቀጥሎ ግን «ከዚህ ቀደም ወደ ሠራችሁበት ቀበሌ ለመጨረሻ ጊዜ የሄዳችሁት መቼ ነው?» በሏቸው። ቀኑን ሳያመነቱ ከነገሯችሁ ሥራውን ያዙት።