በምልልስ የሚቆጠር ኑሮ

የጂቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ሥራውን በወር አይቆጥርም፤ በምልልስ ነው። ባዶ ወርዶ፣ ጭኖ የድንበሩን ኬላ ጋላፊን ተሻግሮ፣ አራግፎ ሲመለስ አንድ ምልልስ ይባላል። ደመወዙ ጥቂት ነው፤ ቤቱን የሚያቆመው በየጉዞው የሚታሰብለት አበል ነው። ስለዚህ ከመንዳቱ ይልቅ መቆሙ ይጎዳዋል። ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ፣ ኬላ ላይ ሰነድ ሲጓደልበት፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ሲሰለፍ የሚያልፈው ቀን ከልጆቹ ጉርስ የሚቀነስ ነው። ስለ ሙያው ሲወራ አደጋው ይነሳል፤ ይህ ቆሞ መጠበቅ ግን ተገቢውን ቦታ አግኝቶ አያውቅም።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ፣ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጂቡቲ ላይ ወደቀ። መንገዱ ከአዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዋሽ በታች ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎግያን እያለፉ ሲወርዱ በበጋውም በክረምቱም ሙቀቱ ይበረታል፤ በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጎማ እንዳይፈነዳ ብሎ ብዙው ሌሊት ይነዳል። ሌሊት ደግሞ ግመል መንገድ ያቋርጣል፤ እንቅልፍ ይመጣል፤ እንቅልፉን በጫት ማባረር ይለመዳል። በዚህ ላይ ባለፉት ዓመታት በአንዳንድ የአገር ውስጥ መስመሮች ሹፌርን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ፣ አልፎም መግደል መጣ። የእህልና የነዳጅ ጭነት ይዞ የወጣ ሰው ቤተሰቡ ስልክ በጠራ ቁጥር የሚደነግጥበት ኑሮ ሆነ።

ወደ ሙያው የሚገባው በረዳትነት ነበር። ረዳቱ ሸራ ያስራል፣ ጎማ ይቀይራል፣ ሌሊት ጭነት ይጠብቃል፤ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ የሚሉትን ከጣሊያን የተወረሱ ቃላት ከጋቢናው ይማራል። ዛሬ ተሳቢ የሚነዳ ሰው የደረቅ ጭነት ከፍተኛውን መንጃ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ማሠልጠኛው ግን 400 ኩንታል ጭኖ ቁልቁለት መውረድን እንደ ረዳትነት ዘመን አያስተምርም። ያ ልምድ እየቀረ መምጣቱ ያሳስበኛል።

ወደፊቱስ? በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የጂቡቲ ባቡር ጭነቱን ተካፍሏል፤ ከጣቢያ እስከ መጋዘን ያለው መንገድ ግን ያው የመኪና ነው። የራሱን መኪና የሚገዛ ጥቂት ነው። ሌላው ደጅ አሜሪካ ነው፤ ሲዲኤል የሚባለውን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥተው ከባድ መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። እዚያ ሕጉ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳትን ይከለክላል፤ ሰዓቱንም በጋቢናው ያለ መሣሪያ ይመዘግባል። ይሁን እንጂ ክፍያው ብዙ ጊዜ በማይል ስለሆነ፣ መጋዘን በር ላይ መቆም እዚያም ኪሳራ ነው።

በአገር ቤት የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይዋጣል። መዋጮው የሚሰላው ግን ከደመወዝ ነው። ሠላሳ ዓመት ቤት ያቆመው አበል በጡረታው ስሌት ውስጥ የለም።