ይርጋጨፌ፦ ቡናው ተሸጠ፤ አልጋውስ?

እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲያቋቁሙ የገጠማቸው ችግር የአልጋ ወይም የወጥ አልነበረም፤ የደንበኛ ነበር። በዚያ ዘመን በገንዘብ ተገዝቶ የሚበላ ምግብ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተውና ሂሳብ ከፍለው ለሌላው አርአያ እንደሆኑ ይነገራል። እንግዳ መቀበል ደግነት ብቻ ሳይሆን ንግድም መሆኑን የከተማው ሰው የተማረው በዚህ መልኩ ነው።

ዛሬ በይርጋጨፌ ያለው ችግር የዚያ ተቃራኒ ነው። ደንበኛው አለ፤ ስሙም ዓለምን ዞሯል። የጎደለው ደህና ገንዘብ የሚከፈልበት አልጋ ነው።

ይርጋጨፌ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ከዲላ በስተደቡብ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። በከተማዋ አልጋ የለም ማለት አይደለም። ሹፌሩን፣ ነጋዴውንና የመስክ ሠራተኛውን የሚያሳድሩ ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች አሉ። ይሁን እንጂ አቅሙ ያለው እንግዳ ቀኑን ሙሉ በኮቸሬና በገደብ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሲዞር ውሎ፣ ሲመሽ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ማደርን ሲመርጥ ይታያል። ናሙናው ከይርጋጨፌ፣ የእራቱ ሂሳብ ከሐዋሳ ይሆናል ማለት ነው።

እንግዳው ከየት መጣ?

የእንግዳው መብዛት ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡና ማገበያየት ሲጀምር፣ ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይሸጥ ስለነበር ላኪው ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ ለይቶ ማወቅ ይቸግረው ነበር። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንና መሰሎቹ ግን በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ይችሉ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የቡና ግብይት አዋጅ በሩን ለሌሎቹም ከፈተው። ከዚያ ወዲህ የውጭ ገዢ “ቡናው የማን ነው? የትኛው ሸንተረር ላይ በቀለ?” እያለ መጠየቅ፣ ከጠየቀም መጥቶ ማየት ጀመረ።

ስሙንም ለማስተዋወቅ የሚወጣ አዲስ ወጪ የለም። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በአሜሪካ ያቀረበችው ማመልከቻ ከስታርባክስ ጋር ያስነሳው ውዝግብ፣ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት እስኪቋጭ ድረስ የዓለም ጋዜጦች መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ሆቴል የሚከፍት ሰው ስለ ይርጋጨፌ ምንነት ለውጭ እንግዳ ማስረዳት አይጠበቅበትም።

በዚህ ላይ መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው ስብሰባ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበው አንድ ሕንፃ ወይም ሐውልት ብቻ አይደለም። ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና የሚበቅልበት የተዳፋት እርሻ፣ በአባቶች የተጠበቁ የአምልኮ ደኖች፣ እንዲሁም እንደ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ያሉ ጥንታውያን የትክል ድንጋይ ስፍራዎች በአንድነት ነው የተመዘገቡት።

ቡና ይቆያል፤ ሌሊት አይቆይም

ታዲያ ባለሀብቱ ምን ይጠብቃል? መልሱ ያለው ሂሳቡ ላይ ነው። ቡና ዋጋው ሲወርድ መጋዘን ውስጥ አስቀምጦ ሳምንት መጠበቅ ይቻላል። ባዶ ያደረ አልጋ ግን በማግስቱ አይሸጥም። ከዚህ የባሰ ቶሎ የሚበላሽ ሸቀጥ የለም።

የቡና ገዢው የሚመጣው በአመዛኙ ቀይ እሸቱ በሚለቀምበትና በሚታጠብበት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ለምሳሌ ያህል 20 ክፍል ያለው ሆቴል በዚህ ወቅት 100 ሌሊት ሙሉ በሙሉ ቢያዝ 2,000 አልጋ ሸጠ ማለት ነው። በዓመት ለገበያ የሚያቀርበው ግን 7,300 ነው። የዓመቱን ግማሽ ለመሸጥ በቀሩት 265 ሌሊቶች 1,650 አልጋ መሸጥ፣ ማለትም በአዳር 6 ክፍል ገደማ ማከራየት ይኖርበታል። ይህ የሚሞከር ነው።

አሁን ደግሞ ባለሀብቱ በስሙ ትልቅነት ተማርኮ 60 ክፍል ሠራ እንበል። ክፍሉ ስለበዛ የቡና ገዢው ቁጥር አይጨምርም፤ በወቅቱ የሚሸጠው ያው 2,000 አልጋ ነው ብለን እንውሰድ። የዓመቱን ግማሽ ለመሸጥ በቀሩት ሌሊቶች በየቀኑ 34 ክፍል ገደማ ማከራየት ይጠበቅበታል። የባንክ ወለድ ግን ለሃያውም ለስልሳውም እኩል አይደለም፤ ወቅትም አያውቅም።

በቀሩት ወራት ማን ይመጣል? አንደኛው የቅርስ ጎብኚ ነው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ፣ ከዚያ ይርጋጨፌ፣ ከዚያም በያቤሎ በኩል አድርጎ በ2003 ዓ.ም. ወደ ተመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር የሚያልፍ፣ በአርባ ምንጭ የሚመለስ እንግዳ በአንድ ዙር ሁለት የዓለም ቅርሶችን ያያል። ሁለተኛው የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲም አለ፤ ዲላ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከላት ከሆኑት ከተሞች አንዷ በመሆኗም ስብሰባና ሥልጠና አይጠፋም። ሆኖም የስብሰባው እንግዳ ከዲላ ወጥቶ ይርጋጨፌ እንዲያድር ዲላ የሌለ ነገር ይፈልጋል።

ዋጋው ከመስኮቱ ውጭ ነው

ያ ነገር እብነ በረድና ባለ መስተዋት ፎቅ አይደለም። እነዚህ በአዲስ አበባ ሞልተዋል። እንግዳው ይርጋጨፌ ድረስ መጥቶ የሚከፍለው ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት ለሚያየው ጫካ፣ ፊቱ ታጥቦ፣ ተቆልቶና ተወቅጦ ለሚቀርብለት ቡና፣ የደረቀበትን አልጋ ሄዶ በእጁ ለሚዳስሰው ፍሬ ነው። በቅምሻ የሠለጠነ አንድ ባለሙያና ትንሽ የቅምሻ ክፍል ከመዋኛ ገንዳ የበለጠ ገቢ ሊያስገቡ ይችላሉ።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ጌዴኦ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት፣ የገበሬው ይዞታ አነስተኛ የሆነበት አገር ነው። ሸንተረሩ ላይ ለሆቴል ተብሎ የሚነሳ ዛፍ፣ የገበሬው ጥላ፣ የቡናው ጥራትና የቅርሱ አካል በአንድ ጊዜ ነው። እንግዳውን የሚያመጣውን ሀብት ቆርጦ የእንግዳ ማረፊያ መሥራት ላሚቱን አርዶ የወተት ቤት እንደመክፈት ነው።

የእቴጌ ሆቴል ለዚህም ትምህርት ይሰጣል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በደረሰ የእሳት አደጋ የሆቴሉ ክፍል ተቃጥሏል፤ ይሁንና ሆቴሉ ተርፎ ሥራውን ቀጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ሳቢያ ብዙዎቹ የፒያሳ ነባር መንደሮች ፈርሰዋል። የተቃጠለ ክፍል በገንዘብ ይጠገናል። እንግዳው ወጥቶ ይዘዋወርበት የነበረ አሮጌ ሰፈር ግን በየትኛውም ብድር አይመለስም።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው የጸጥታ ጉዳይ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አካባቢ የተቀሰቀሰው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሏል። የውጭ እንግዳ አንድ ክፉ ወሬ ከሰማ የሚሰርዘው አንድ ሌሊት ሳይሆን ወቅቱን በሙሉ ነው። ስለዚህ ለሆቴል የሚበደር ሰው አንድ የመከራ ዓመት የሚያሻግረው ስንቅ ሊኖረው ይገባል።

ለቡና ላኪው ግን ነገሩ በተለየ መልኩ ሊታይ ይችላል። ላኪው ገዢውን ለማሳመን ቀድሞውኑ መኪና፣ አስተርጓሚና የሐዋሳ ሆቴል ሂሳብ ይከፍላል። ሦስት አራት ላኪዎች በአክሲዮን ተሰባስበው ከተማው ውስጥ፣ ከሸንተረሩ ወርደው፣ 20 ክፍል ቢሠሩ ወቅቱን የሚሞላላቸው የራሳቸው ደንበኛ ነው። እንቁላሉ፣ ማሩ፣ አቮካዶውና ቆጮው ከአካባቢው ገበሬ ከተገዛ ደግሞ፣ ቡናውን አንድ ጊዜ ሸጦ ዓመቱን የሚጠብቀው ቤተሰብ በየሳምንቱ ሳንቲም ያያል። ደኑን የሚጠብቀው እርሱ ነውና፣ ከእንግዳው ገንዘብ ካልደረሰው ነገ ዛፉን ለማገዶ ቢሸጥ የሚወቅሰው አይኖርም።

የይርጋጨፌ ቡና ከእርሻው ወጥቶ በየዓለሙ የሆቴል ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ቆልቶና አፍልቶ የሸጠው ነው። ቡናው በተለቀመበት ቀበሌ አጠገብ ተቆልቶ፣ እዚያው ባደረ እንግዳ ሲጠጣ ግን ያ ድርሻ እዚያው ይቀራል።