የድንጋይ ከሰል ፈቃድና የጠበሉ ምንጭ፦ ሰበካ ጉባኤያት ከቁፋሮው በፊት ሊያደርጉት የሚገባ

በቦሌ ቡልቡላና በአካባቢው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ስናንጽ የምንገዛው ሲሚንቶ የሚመረተው የኖራ ድንጋይ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ ነው። ለዚህም ፋብሪካዎቻችን የድንጋይ ከሰልን በሰፊው ይጠቀማሉ። ከሰሉ ለዓመታት በውጭ ምንዛሪ ሲገዛ ስለኖረ፣ በያዩ፣ በዳውሮ፣ በጭልጋና በሌሎችም ሥፍራዎች ያለውን የአገር ውስጥ ክምችት የማውጣት ፍላጎት ጨምሯል። እንግዲህ የከተማ አጥቢያዎችም ብንሆን በገጠር ለሚቆፈረው ጉድጓድ ባዕዳን አይደለንም።

ከሰል ያለበት መሬት ብዙ ጊዜ ሌላም ሀብት ይዟል። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በምትገኘው ጭልጋ፣ ከሰሉ በሚገኝበት የደለል አለት ውስጥ ተመራማሪዎች 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው የሚሏቸው የእንስሳትና የዕፅዋት ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል። ከዝሆን ጥንታዊ ዘመዶች አንዱም በቦታው ስም ቺልጋቴሪየም ተብሎ ተሰይሟል። ያዩም የጫካ ቡና መገኛ በመሆኗ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆና ተመዝግባለች። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ግምገማ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው፤ በማሽን የተፈጨ ቅርስ ተመልሶ አይገጠምምና።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 «ተፅዕኖ» ሲል የአፈር፣ የውሃና የአየር ለውጥን ብቻ ሳይሆን በተፈጥሮና በባህል ቅርስ ላይ የሚደርሰውንም አካቷል። የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት፣ ገምጋሚውም አካል አስተያየቱን መዝኖ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያጸድቅ፣ በቅድመ ሁኔታ እንዲያጸድቅ ወይም እንዲከለክል ደንግጓል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በበኩሉ በማዕድን ፍለጋ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቀው ያዛል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ለመካነ መቃብርና ለሃይማኖታዊ ሥፍራ የተከለለ መሬትን ፈቃድ ከሚሰጥበት መሬት ለይቷል።

ይሁን እንጂ የቅጥሩ መከበር ብቻውን ጠበሉን አያድነውም። ከሰል በጥልቀት ሲወጣ ጉድጓዱ እንዳይሞላ ውሃው በፓምፕ ይሳባል፤ የከርሰ ምድሩም ውሃ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ቅጥሩ ሳይነካ ምንጩ ሊደርቅ ይችላል። ድኝ ያለበት የከሰል ዝቃጭ ደግሞ ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ፈጥሮ ወንዙን ይበክላል። ስለዚህ ጥያቄያችን «ቤተ ክርስቲያኑ ይነካል ወይ?» በሚል ብቻ መወሰን የለበትም፤ «ውሃው ከየት ይመጣል?» ብለንም እንጠይቅ።

ገምጋሚው ባለሙያ የሚመዝነው በወረቀት የቀረበለትን ነው። አባቶች በቃል የሚያውቁት ካልተጻፈ እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል። ስለሆነም ከሰል ባለበት አካባቢ የሚገኝ ሰበካ ጉባኤ ሁሉ ሳይዘገይ የሚከተሉትን ቢፈጽም መልካም ነው።

አንደኛ፣ ቤተ መቅደሱን፣ መካነ መቃብሩን፣ ደኑን፣ ጠበሉን፣ ባሕረ ጥምቀቱንና ታቦቱ የሚሄድበትን መንገድ በንድፍ ካርታ ያስፍር።

ሁለተኛ፣ ምንጩ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በክረምትም በበጋም ለክቶ ከነቀኑ ይመዝግብ። ኋላ ውሃው ቢቀንስ ማስረጃው ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ንዋያተ ቅድሳቱንና የብራና መጻሕፍቱን ቆጥሮ መዝገቡን ያድስ።

አራተኛ፣ ሰነዱን በማኅተም አጽንቶ ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ያስገባ፤ በቀሪው ቅጂ ላይም ያስፈርም።

አምስተኛ፣ የጥናቱን ሪፖርት ይጠይቅ፦ የከርሰ ምድር ውሃው ተጠንቷልን? ጉድጓዱን ማን፣ በምን ገንዘብ ይደፍነዋል? በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለውም ያስታውስ።

ምንጩ የጎረቤት ሁሉ ነውና ሙስሊም ወገኖቻችንንና የአገር ሽማግሌዎችን ከመጀመሪያው እናማክር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92ም በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ እንዲመክርበት መብት ሰጥቷል።

ይህን ስንል ልማትን መቃወማችን አይደለም፤ ወጣቶቻችን ሥራ ይሻሉ፣ እኛም ሲሚንቶ እንገዛለን። ነገር ግን አዳም ምድርን እንዲሠራት ብቻ ሳይሆን እንዲጠብቃትም አደራ እንደተቀበለ የምናስተምር እኛ ነን። አደራውም ከቁፋሮው በፊት በሚጻፍ አንድ ገጽ ይጀምራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።