አዳሪ አስታማሚ ሆናችሁ ልትቀጠሩ ነው? መጀመሪያ ይህን ጠይቁ

«ዶክተር፣ አዛውንት የሚያስታምም ሰው የሚፈልግ ቤት ካወቅህ ንገረኝ።»

እንዲህ ያለችኝ ከዋርድ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ ነው። ልብሷን በፌስታል ይዛለች። ሁለት ዓመት ያህል ስታስታምማቸው የነበሩት እናት እኛ ጋ ተኝተው ካረፉ አራት ቀናቸው ነበር።

እናትየዋን ይዛ የመጣች ቀን ትዝ ይለኛል። ስትሮክ ከመታቸው ጀምሮ ከአልጋ አይነሱም። እንደ ልማዴ ጀርባቸውን ገልጬ አየሁ፤ አንድም የአልጋ ቁስል የለም። «ማነው የሚያገላብጣቸው?» አልኳት። «እኔ ነኝ።» «ሌሊትስ?» «ሌሊትም እኔው።» የሚወስዱትን መድኃኒት ከነሰዓቱ በደብተር ጽፋለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ከሪፈር ወረቀቱ ይልቅ የጠቀመኝ የእሷ ደብተር ነው።

ታዲያ እናትየዋ ሲያርፉ ይህች እህታችን ሥራዋንም ማደሪያዋንም በአንድ ቀን አጣች። ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው፤ ከቀብር በኋላ ቤቱ ሊዘጋ ሆነ። ውል የሚባል ነገር አልነበራትም። ስታወራኝ ደግሞ አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ይህን ሥራ ለምትፈልጉ፣ እንዲሁም ለእናት ለአባታችሁ ሰው ለምትቀጥሩ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት የምትጠይቋቸው 5 ነገሮች

ደላላው «ቀላል ሥራ ነው፣ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው» ሊላችሁ ይችላል። እናንተ ግን ቤተሰቡን ጠይቁ።

1. ራሳቸውን ምን ያህል ይችላሉ? ይራመዳሉ? ሽንት ቤት ይሄዳሉ ወይስ ዳይፐር ነው? የሽንት ቱቦ አላቸው?

2. ሕመማቸው ምንድን ነው? መድኃኒቱን ማን ይሰጣል? ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ አወጋጉን የጤና ባለሙያ ሳያሳያችሁ አትጀምሩ።

3. ሌሊት ማን ይነሳል? ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ የምትነሱ ከሆነ ቀን የምትተኙበት ሰዓት መኖር አለበት።

4. ሥራው ማስታመም ብቻ ነው ወይስ የቤቱ ምግብና የልብስ አጠባም እናንተው ላይ ነው?

5. አዛውንቱ ቢያርፉ ወይም ሆስፒታል ቢገቡስ? ሌላ ሥራ እስክታገኙ ስንት ቀን እዚያው መቆየት ትችላላችሁ? ጥያቄው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ያቺ እህት ፌስታል ይዛ ኮሪደር ላይ የቆመችው ማንም አስቀድሞ ስላልጠየቀው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሰው ቤት ለግል አገልግሎት የተቀጠረን ሠራተኛ አይሸፍንም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አሠሪው አብሮት የሚኖረውን ሠራተኛ ጤና እንዲጠብቅ፣ ለማደሪያው፣ ለምግቡና ለዕረፍቱ እንዲያስብ ያዛል። ስለዚህ የተስማማችሁትን በወረቀት አስፍሩ። ደሞዙ፣ የዕረፍት ቀኑ፣ የሌሊቱ ሥራና የመሰናበቻው ጊዜ አንድ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ ምስክርም ይኑር። ከእናንተ ተያዥ ከተጠየቀ እናንተም ወረቀት ብትጠይቁ ነውር የለውም።

ከገባችሁ በኋላ

ማገላበጥ፦ ከአልጋ የማይነሳ ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎን ይቀይር። መቀመጫ፣ ዳሌና ተረከዝ ላይ በየቀኑ እዩ። በጣት ስትጫኑት የማይጠፋ ቅላት ወይም ጠቆር ያለ፣ የሚሞቅ ቦታ ካያችሁ የቁስል መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። አትሹት፤ ያ ጎን እንዳይጫን አድርጉና ለሐኪም አሳዩ።

ማጉረስ፦ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ከበሉም በኋላ 30 ደቂቃ ያህል አታስተኟቸው። ሲበሉ ወይም ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም ንገሩ።

ስኳር፦ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ድንገት ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ግራ ከተጋቡ ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን ይችላል። መለኪያ ካለ ለኩ፤ ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው። ነቅተው መዋጥ የሚችሉ ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ ስጡ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አትስጡ፤ ቶሎ ወደ ሕክምና ይወሰዱ።

ድንገተኛ መቀባዠር፦ ትናንት በደንብ ያወሩ የነበሩ ሰው ዛሬ ከቀባዠሩ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም የመድኃኒት ችግር ሊሆን ይችላል። ፊት ከጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ደግሞ ስትሮክን አስቡ። ጊዜ አታጥፉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ወገባችሁ፦ ከወገብ ጎንበስ ብላችሁ ሰው አታንሱ። ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ሰውየውን ወደ ደረታችሁ አስጠጉ፣ ስትዞሩ በእግራችሁ ዙሩ። አልጋ ላይ ወደ ላይ መሳብ ካስፈለገ ከሥራቸው አንሶላ አንጥፋችሁ ለሁለት ሳቡ። ዳይፐር ስትቀይሩ ጓንት አድርጉ፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።

ለቀጣሪ ቤተሰቦች

ውጭ አገር ሆናችሁ ገንዘብ የምትልኩም፣ እዚሁ ሆናችሁ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የምትመጡም አላችሁ። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ተክታችሁ አሳርፏት። ይህን የምለው ለእሷ አዝኜ ብቻ አይደለም። ሦስት ሌሊት ያልተኛች ሰው ክኒን ብታሳስት የሚጎዱት እናታችሁ ናቸው። በቪዲዮ ስትደውሉም «እማዬ እንዴት ናት?» ካላችሁ በኋላ «አንቺስ ተኝተሻል?» በሏት። ስትለያዩ ደግሞ ምን ስትሠራ እንደነበር የሚገልጽ ወረቀት ጻፉላት።

ያን ቀን ለእህታችን የምጠቁማት ቤት አልነበረኝም። ወገቧን መረመርኳት፤ ከዚያ ወረቀት አውጥቼ ያየሁትን ጻፍኩላት፦ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ የቆዩ እናት ያለ አንድ ቁስል እንደመጡ፣ መድኃኒታቸውም በሥርዓት ተመዝግቦ እንደነበር።

በኋላ ደወለችልኝ። ቤት አግኝታለች። «ከመግባትህ በፊት ጠይቂ እንዳልከኝ፣ ሌሊት ማን ይነሳል ብዬ ጠየቅኩ» አለችኝ።

«ምን አሉሽ?»

«ተያዩ። ከዚያ ልጃቸው፣ አንድ ቀን አንቺ አንድ ቀን እኔ አለ።»

ሥራ ለምትፈልግ እህት ወይም ወንድም አጋሩት። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። ጤና ይስጥልን!