ጆሮ ጩኸትን አይለምድም

ወፍጮ ቤት፣ ብረታ ብረት ቤት ወይም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ዓመታት የቆየ ሰው ስለ ጩኸቱ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ «ለምደነዋል» ይላል። ከልቡ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጭንቅላቱን ይወቅረው የነበረው ድምፅ ዛሬ አይረብሸውም። የዚህ አንዱ ምክንያት አእምሮ የማይቋረጥን ድምፅ ችላ ማለት መቻሉ ነው። ሌላው ምክንያት ግን ከመልመድ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ድምፁን የሚቀበሉት ሕዋሳት ስላለቁ ነው። የሞቱትን የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። መሞታቸውን መከላከል ግን ይቻላል፤ ከምናስበውም በላይ ርካሽ ነው።

በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ፣ ጥምዝምዝ በሆነውና ፈሳሽ በያዘው የውስጠኛ ክፍል፣ 15 ሺህ ያህል ጥቃቅን ፀጉር ያላቸው ሕዋሳት ተደርድረዋል። ድምፅ ፈሳሹን ያወዛውዛል፣ ፈሳሹ ፀጉሮቹን ያጎብጣል፣ ሕዋሳቱም እንቅስቃሴውን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጡታል። ጩኸት ሲበዛባቸው ይዝላሉ፤ ሲደጋገምባቸው ይሞታሉ። ዶሮና ድርጭት የሞቱባቸውን ሕዋሳት እንደገና እንደሚያበቅሉ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ታውቋል። የሰው ልጅ ግን ይህን አልታደለም።

ከሠርግ ወይም ከጭፈራ ቤት ተመልሶ ጆሮው ጭው ያለበት ሰው በማግሥቱ ሲሻለው ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኩጃዋ እና ሊበርማን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ያዩት ነገር ይህን እምነት አናግቶታል። የአይጦቹ የመስማት ልክ ወደ ነበረበት ሲመለስም ሕዋሳቱን ከነርቭ ጋር የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች ግን በብዛት ጠፍተው ነበር። በሰው ላይ ይህ ምን ያህል እንደሚሠራ ክርክሩ አላበቃም። እኔ ግን ጭውታውን እንደ ማስጠንቀቂያ መውሰዱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች፣ በተለይ ከ4 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ደኅና ሆኖ ስለሚቆይ ሰውየው የጎረቤቱን ሳል፣ የመኪናውን ሞተር፣ የበሩን መንኳኳት ይሰማል። የሚያመልጡት እንደ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ት» ያሉት ቀጫጭን ተነባቢዎች ናቸው። ነጋዴው «ሰባት» ሲለው «ሰባ» ብሎ ሊሰማ ይችላል። ድምፁ ይደርሰዋል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም። ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወቅሰው ሌላውን ነው፤ «አፋችሁን ከፍታችሁ አታወሩም?» ይላል፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል፣ ቀስ በቀስም ከጨዋታ ይርቃል። ቤተሰቡ ኩራት ወይም ኩርፊያ ይመስለዋል። ጆሮው መክበዱን ከሱ በፊት የምታውቀው አብዛኛውን ጊዜ ሚስቱ ናት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1700 በታተመውና የየሙያውን በሽታ በሚዘረዝረው መጽሐፉ፣ ቀኑን ሙሉ መዳብ ሲቀጠቅጡ የሚውሉት የቬኒስ ሠራተኞች እየደነቆሩ እንደሚሄዱ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1886 ቶማስ ባር የተባለ የግላስጎው የጆሮ ሐኪም 100 ቦይለር ሠሪዎችን መርምሮ ትክክለኛ የመስማት ችሎታ ያለው አንድም ሰው አላገኘም። የእንግሊዟ ላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካ ሴቶች በማሽኑ ጩኸት መሀል ከንፈራቸውን አጋንነው እያንቀሳቀሱ የሚግባቡበት የራሳቸው አነጋገር ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው የስኮትላንዷ ደንዲ ጥናት ደግሞ የጆንያ ክር በሆነው በጁት ሽመና ዕድሜያቸውን የፈጁ ሴቶችን ጆሮ ለካ። የማሽኖቹ ጩኸት በአሥርት ዓመታት ውስጥ እምብዛም ስላልተለወጠ፣ በስንት ዓመት ምን ያህል መስማት እንደሚጠፋ በግልጽ ማየት ተቻለ። ከቬኒስ እስከ ደንዲ ከ250 ዓመት በላይ ነው። ዕውቀቱ አልጎደለም ነበር፤ «የሥራው ጠባይ ነው» የሚለው ንግግር ነው ሁሉን ያዘገየው።

ዲሲቤል የሚባለው መለኪያ ብዙዎችን ያሳስታል። ከ85 ወደ 88 መውጣት ትንሽ ጭማሪ ይመስላል፤ ነገር ግን በየ3 ዲሲቤሉ ጆሮ የሚቀበለው ኃይል በእጥፍ ያድጋል። የአሜሪካው የሥራ ጤንነት ምርምር ተቋም፣ በምሕጻሩ ናዮሽ፣ ወሰኑን ለ8 ሰዓት 85 ዲሲቤል አድርጎታል። በዚህ ስሌት 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይፈቀዳል። የዚያው አገር አስገዳጅ ሕግ ግን ከ90 ተነሥቶ በየ5 ዲሲቤሉ ስለሚያስብ ለ100 ዲሲቤል ሁለት ሰዓት ይሰጣል። ለአንዱ ጆሮ ሁለቱ ልኮች በስምንት እጥፍ ይለያያሉ ማለት ነው፤ ይህ የሳይንስ ሳይሆን የድርድር ውጤት ይመስለኛል። የአውሮፓ ኅብረት ከ80 ጀምሮ አሠሪው መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ከ85 ጀምሮ ሠራተኛው እንዲያደርገው ያስገድዳል። መለኪያ በሌለበት ቦታ ክንድ ያህል ርቆ ለቆመ ሰው ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ካስፈለገ ጩኸቱ 85 አካባቢ ደርሷል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ናዮሽ ለአይፎን ያዘጋጀው ነፃ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያም አለ።

መከላከል ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው የጆሮ መሰኪያ ነው። በባለሙያዎቹ ቅደም ተከተል ግን መሰኪያው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ማሽኑ ነው። የመርካቶን ምናለሽ ተራ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። በርሜልና ቆርቆሮ በመዶሻ ይደበደባል፣ ጎን ለጎን ግራይንደር ብረት ይቆርጣል፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ምድጃ የሚገጣጥመው ልጅ ምንም ሳይቆርጥ የሁሉንም ጩኸት ይካፈላል። ከሚቀጠቀጠው ቆርቆሮ ሥር ወፍራም ጎማ ማንጠፍ ጩኸቱን ይቀንሳል። የላላ ብሎን ማጥበቅ፣ ያለቀ ኩሽኔታ መቀየር፣ የደነዘዘ የመጋዝ ምላጭ መሳል ሥራውንም ጆሮውንም ይጠቅማል። ወፍጮውን ከወለሉ በጎማ ማለያየት፣ ጄኔሬተሩን ከግድግዳው ኋላ ማውጣት ከባድ ወጪ አይጠይቅም። በሜዳ ላይ ርቀትን በእጥፍ መጨመር ጩኸቱን 6 ዲሲቤል ያህል ይቀንሰዋል። በቆርቆሮ በተዘጋ ሼድ ውስጥ ግን ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ ይህን ጥቅም ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ግራይንደሩን ደጅ ማውጣት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነው።

ማሽን የሚገዛ ሰውም አንድ ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል። የአውሮፓ ሕግ የማሽን አምራቾች ጩኸቱ ከ70 ዲሲቤል ካለፈ ልኩን በመመሪያው ላይ እንዲጽፉ ያስገድዳል። ዋጋውን ስንከራከር ይህን ቁጥር የምናየው ስንቶቻችን ነን?

መሰኪያ ሲያስፈልግ ደግሞ አገባቡ ዋጋውን ይወስናል። የስፖንጅ መሰኪያውን በጣት ጠቅልሎ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ ከራስ በላይ ዞሮ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ፣ ከዚያ ማስገባትና እስኪያብጥ በጣት ደግፎ መያዝ ነው። ግማሹ ወደ ውጭ ተርፎ የሚታይ መሰኪያ ብዙም አይሠራም። ጥጥ መወተፍ ከምንም አይሻልም ባይባልም ለፋብሪካ ጩኸት አይበቃም። ከሁሉ የሚገርመኝ የጊዜው ስሌት ነው፤ 30 ዲሲቤል የሚቀንስ መከላከያ ከ8 ሰዓት ውስጥ ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢወልቅ የቀኑ ጥቅም ወደ 9 ዲሲቤል ይወርዳል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የማይቆረቁር መካከለኛ መሰኪያ፣ እያወለቁ ከሚያርፉበት ምርጥ መከላከያ ይሻላል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት ያዛል። በመንገድ ዳር ለራሱ የሚሠራው ብረት ቀጥቃጭ ግን አሠሪም ሠራተኛም እሱው ነው፤ አዋጁ እሱ ዘንድ ለመድረስ ይቸገራል።

ጩኸት ብቻውን አይመጣም። በቀለም ቤቶች የምንተነፍሰው ቲነር ውስጥ የሚገኘው ቶሉይን ጆሮን ይጎዳል፤ ከጩኸት ጋር ሲደመር ደግሞ ይብሳል። ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን የተባሉት መድኃኒቶችም እነዚያኑ ሕዋሳት ሊገድሉ ይችላሉ። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ የፋብሪካ ሠራተኛ ሥራውን ለሐኪሙ መንገር አለበት። የመስማት ምርመራም ሥራ ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ ቢደረግ፣ የ4 ሺህ ኸርዙ ጉድለት ሰውየው ራሱ ከማወቁ በፊት በወረቀት ላይ ይታያል።

ከሥራ ውጭ ያለው ጩኸት በአብዛኛው በፈቃዳችን የምንሸከመው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በማዳመጫና በመዝናኛ ጩኸት ለአደጋ ተጋልጠዋል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መስፈርት የሙዚቃ ቦታዎች ጩኸት በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዲሲቤል እንዳያልፍ ጠይቋል። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ሞንታርቦው አጠገብ ጠረጴዛ የደረሰው እንግዳ ቦታ ቢለውጥ ነውር የለበትም። በእኛ አገር የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ተከትሎ የወጣው መስፈርት ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዲሲቤል ይፈቅዳል። ይህ ከእንቅልፍና ከሰላም አንጻር የተለካ እንጂ የጆሮ ጉዳት ወሰን አይደለም፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለማዳመጫ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት 80 ዲሲቤል ነው፤ ለሕፃናት ደግሞ 75። ድምፁ 100 ከደረሰ የሳምንቱ ድርሻ በ20 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ታክሲ ውስጥ የሞተሩንና የረዳቱን ድምፅ ለማሸነፍ ኢርፎኑን ከፍ የሚያደርግ ተማሪ ይህን ድርሻ ትምህርት ቤት ሳይደርስ ሊጨርሰው ይችላል። የውጭውን ድምፅ አጥብቆ የሚዘጋ ማዳመጫ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልግምና። በብዙ ስልኮች ቅንብር ውስጥም ከዚህ በላይ እንዳይወጣ ብሎ ጣሪያ ማበጀት ይቻላል፤ ስልኩን ለልጁ የሚሰጠው ወላጅ በአንድ ደቂቃ የሚጨርሰው ሥራ ነው።