የመኪና በር አልከፈት ሲል፦ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት

ሪሞቱን ትጫናላችሁ። ሦስቱ በር «ቀጭ» ብሎ ይከፈታል፣ አንዱ ግን ንቅንቅ አይልም። አቃቂ ቃሊቲ መኪና የሚያሽከረክር ሰው አንድ ቀን ይሄ ሳይገጥመው አይቀርም። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና በዚሁ ነው የሚያልፈው፣ ውስጥ ለውስጥ ያለው መንገድም ብዙ ቦታ አስፋልት የለውም። በጋ ላይ አቧራው፣ ክረምት ላይ ጭቃው በሩ ውስጥ ገብቶ ይጋገራል።

አብዛኛው ሰው ወዲያው ሽቦ ያጣጥፋል፣ ወይ ካቻቢቴ አስገብቶ የበሩን ጠርዝ ይፈለቅቃል። መጨረሻ ላይ በሩ ቢከፈትም ቀለሙ ተልጦ፣ ጎማው ተቀዶ፣ ሐምሌ ላይ ውሃ ያስገባል። ችግሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንድ ፊውዝ ወይም የአንዲት ትንሽ ፕላስቲክ ነው።

ውስጥ ሕፃን ተቆልፎበት ከሆነ ግን ለቀለም አትጨነቁ። ወደ አዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ይደወል። ልጁ ከላበው፣ ከደከመ ወይም መልስ ካልሰጠ ሳትጠብቁ መስታወት ስበሩ፤ እሱ ከተቀመጠበት የራቀውን የጎን መስታወት፣ መሃሉን ሳይሆን ጥጉን ምቱ። የፊት ለፊቱ ድርብ ስለሆነ ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። «አዲስ አበባ እኮ ብርድ ናት» የሚል አይጠፋም። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የስታንፎርድ ሐኪሞች ባሳተሙት ሙከራ ውጭው 22 ዲግሪ ብቻ በሆነበት ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት 47 ዲግሪ ደርሷል። አብዛኛው ጭማሪ የመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው፤ መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ መተውም ብዙ አልረዳም።

ውስጥ ማንም ከሌለ ተረጋጉና አዳምጡ። ጆሯችሁን በሩ ላይ አድርጉ፣ ሌላ ሰው ሪሞቱን ይጫን።

አራቱም በር ዝም ካለ ጥፋቱ በሩ ላይ አይደለም። ወይ የሪሞቱ ድንጋይ አልቋል፣ ወይ የመኪናው ባትሪ ሞቷል፣ ወይ ፊውዝ ተቃጥሏል። በቁልፉ ከፍታችሁ ግቡ። «የኔ ቁልፍ የለውም፣ በተን ብቻ ነው» የምትሉ ሪሞቱን አገላብጣችሁ እዩት። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መያዣ ስትገፉ ብዙዎቹ ውስጥ ቀጭን የብረት ቁልፍ ተደብቃ ትወጣለች።

ሦስቱ ጮኸው አንዱ ዝም ካለ፣ በዚያ በር ውስጥ ያለችው ትንሽ ሞተር ሞታለች ወይም ሽቦዋ ተቆርጧል። ሽቦው የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ በሩና የመኪናው አካል በሚገናኙበት ቦታ፣ በጥቁሩ የጎማ ቱቦ ውስጥ ነው፤ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፍ። ስለዚህ «ሞተሩ ይቀየር» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ያንን ቱቦ እንዲያይላችሁ ጠይቁት። ሽቦ መቀጠል ሞተር ከመግዛት በጣም ይረክሳል።

ሞተሯ እየጮኸች መቆለፊያው ካልተነሳ የውስጧ የፕላስቲክ ጥርስ ተበልቷል፣ ወይም ከመቆለፊያው ጋር የምታያይዛት ዘንግ ወልቃለች። መቆለፊያው ተነስቶ እጀታው ሲሳብ እንደ ላላ ጎማ ከሆነባችሁ ደግሞ ሎኩ ደህና ነው፤ የእጀታው ኬብል ወይም መያዣዋ ነው የተሰበረው።

የድሮ ኮሮላ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚሁ አገር በተገጠመ ሴንትራል ሎክ ብዙ ጊዜ ሌሎቹን በሮች የሚያዘው የሹፌሩ በር ነው። እሱ ላይ ያለችው ሞተር ስትደክም አራቱም ያበዱ ይመስላል፣ ሰውም አራቱን ይቀይራል። ለከንቱ ወጪ!

የኋላ በር ከውስጥ ብቻ እምቢ ካለ የሕፃናት መቆለፊያውን እዩ። በሩን ከውጭ ከፍታችሁ ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ወደ ሌላው አቅጣጫ መመለስ ብቻ ነው። ራይድ የምትሠሩ ይሄን በየጊዜው ብታዩት ጥሩ ነው፤ በሩ ከውስጥ እምቢ ያላት ተሳፋሪ በተለይ ማታ ምን እንደምታስብ መገመት አያቅትም። የውጭ እጀታውም የተሰበረ ዕለት ያ በር ከሁለቱም በኩል ተዘጋ ማለት ነው።

ጭቃና አቧራ የያዘውን በር ለመክፈት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ እጀታውን ስቦ ይያዝ፣ ሌላው በመዳፉ በሩን ወደ ውስጥ ጫን ለቀቅ ያድርገው። ሎኩ ላይ ያለው ጫና ሲቀንስ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ከተከፈተ በኋላ የሞተር ዘይት እንዳታፈሱበት! የኛ አቧራ ዘይት ሲያገኝ ሊጥ ይሆናል። በደብሊው ዲ 40 አጥባችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ ትንሽ ግራሶ ቀቡት። ለቁልፍ ቀዳዳው የእርሳስ ዱቄት ይበቃል፤ ቁልፉን በእርሳስ ጥቁር አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አስገቡ አውጡት።

የኤሌክትሪክ መኪናው ጉዳይ ለብቻው ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆኗል። እነዚህ መኪኖች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳን ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተች በራቸውን ላይከፍቱ ይችላሉ። የአንዳንዶቹ እጀታ ራሱ ያለ ኤሌክትሪክ አይወጣም። ቻይና ከጃንዋሪ 2027 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ ሞዴል ሁሉ ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚከፈትበት መንገድ ከውስጥም ከውጭም እንዲኖረው ወስናለች። አሁን መንገድ ላይ ያሉት ግን ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ መኪናው ደህና ሆኖ ሳለ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ የብረት ቁልፏ የምትገባበትን ቀዳዳ (የሹፌሩ እጀታ ላይ በክዳን ተሸፍና ልትሆን ትችላለች) እና ከውስጥ በእጅ የሚከፍተውን። የኋላው ከፊቱ ሊለይ ስለሚችል አራቱንም በር ሞክሩ። መመሪያው በቻይንኛ ከሆነ ገጹን በስልካችሁ ጎግል ሌንስ አንሱት፣ ይተረጉምላችኋል። ስክሪንሾቱን ለቤተሰብ ላኩ፤ መኪናው ውስጥ የሚቀመጡት እነሱም ናቸውና።