በአፈር ውስጥ የተሸሸገ መርዝ

ሰው ከሚያየው ጠላት ይሸሻል፤ ከማያየው ግን አይሸሽም። በዛሬው ጽሑፋችን ለመምህራንና ለወላጆች ልናስታውቅ የምንወደው ከእንዲህ ያለው ስውር ጠላት አንዱን፥ እርሳስ የተባለውን ማዕድን ነው።

በ1914 ዓ.ም. አሜሪካዊው ቶማስ ሚጅሊ ከእርሳስ የተሠራ ቅመም በቤንዚን ላይ ቢጨመር ሞተር ሳያንኳኳ እንደሚሠራ ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ዓለምን ዞረ። በ1938 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጀመሪያ ያበረራቸው ባለፒስተን አይሮፕላኖችም የዚሁ ቤንዚን ተጠቃሚዎች ነበሩ። ዛሬ መንገደኛ የሚያመላልሱት ጄቶች ነዳጃቸው የላምባ ዘር ስለ ሆነ እርሳስ የለበትም። የመኪናውም ቢሆን ከሰሐራ በታች ባሉት አገሮች በ1998 ዓ.ም. ቀርቷል። በትንንሽ ባለፒስተን አይሮፕላኖች ቤንዚን ውስጥ ግን በሊትር እስከ 0.56 ግራም የሚደርስ እርሳስ እስካሁን አለ።

እርሳስ አይበሰብስም። ከጭስ ጋር ወጥቶ በአፈር ገጽ ላይ ለብዙ ዘመን ይቀመጣል። በካሊፎርኒያ በሪድ ሂልቪው ማረፊያ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ደም ተመርምሮ ከሌሎቹ የበለጠ እርሳስ ስለ ተገኘበት፥ ይህ ቤንዚን ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ እንዳይሸጥ ተደረገ።

ሕፃን አፈር ነክቶ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፤ ከዋጠውም እርሳስ ሰውነቱ የሚቀበለው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ነው። ደሙ ያንሳል፥ አእምሮው ይደክማል፥ ትምህርትም አይገባውም። መምህሩ «ሰነፍ» ብሎ የሚቀጣው ልጅ የተመረዘ ልጅ ሊሆን ይችላልና፥ ከመቅጣት በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይገባል።

የራቤል አንባቢያችን «እኛ በግሼ ደጋ ነን፤ የአይሮፕላን ማረፊያ በደጃችን የለም» ይል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ያው እርሳስ በመኪናና በፀሐይ መብራት ባትሪ ተሸሽጎ ከቤት ይገባል። ስለዚህ፥

አንደኛ፥ ያረጀ ባትሪ በግቢ አይሰበር፥ አይቅለጥ፥ ውኃውም በአፈር ላይ አይደፋ።

ሁለተኛ፥ ምን እንደ ያዘ ያልታወቀ አሮጌ የነዳጅ በርሜል ለመጠጥ ውኃም ሆነ ለጠላ አይዋል።

ሦስተኛ፥ ቤትና የትምህርት ክፍል ከመጠረጉ በፊት ውኃ ይረጭበት፤ ልጆችም ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

አራተኛ፥ ብረትና ካልሲየም የጎደለው ሰውነት እርሳስን አብዝቶ ስለሚቀበል፥ ምስር፥ ጎመንና ወተት ከልጆች ማዕድ አይጥፉ።

በእርሳስ የተጎዳ አእምሮ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀድሞው አይመለስምና፥ መድኃኒቱ አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው።